ሞት እስኪረክስ ድረስ

«ዘ ቫምፓየር ዳያሪስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ታሪክ የሚጀምረው ከካሜራ ሳይሆን ከውል ወረቀት ነው። በ1990ዎቹ መባቻ (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ መጽሐፍ አሰናጅ ድርጅት ኤል. ጄ. ስሚዝ ለተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ ለወጣቶች የሚሆን የቫምፓየር ልብ ወለድ አዘዘ። ሰው ለልብስ ሰፊ ሱሪ እንደሚያዘው ማለት ነው። ስሚዝ ሰፍታ አስረከበች፤ ሦስቱ መጻሕፍት በ1991፣ አራተኛው በ1992 ታተሙ። ታዝዞ የተሠራ ሥራ ነውና የታሪኩ ባለቤት ጸሐፊዋ ሳትሆን ያዘዛት ድርጅት ሆነ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

በመጽሐፉ ኤሌና የምትባል ባለ ወርቃማ ጠጉር ቆንጆ አለች። የምትማርበት ትምህርት ቤት ስቴፋን የሚባል ዝምተኛ ልጅ ይመጣል። ልጁ ግን ልጅ አይደለም፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጣሊያን አገር ተወልዶ ሳያረጅ የቀረ ደም መጣጭ ነው። ዴመን የሚባል ክፉ ወንድሙ ዱካውን ይዞ ይከተለዋል። ሁለቱም ኤሌናን ይወዷታል። ጥንት አንዲት ካትሪን የምትባል ሴት ላይ ተጣልተው እንደነበረው ሁሉ አሁንም በእሷ ይጣላሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ቀላል ነው፤ ጉልበቱም ቅለቱ ነበር።

መጻሕፍቱ አንባቢ አላጡም፤ ሆኖም ወደ ስክሪን ለመምጣት 18 ዓመት ፈጀባቸው። በ2008 መስከረም ኤች.ቢ.ኦ. «ትሩ ብለድ» የተባለውን ተከታታይ ጀመረ። በዚያው ዓመት ኅዳር «ትዋይላይት» ሲኒማ ቤቶችን አጥለቀለቀ፤ የቫምፓየር ገበያ ደራ። ሲ.ደብሊው የሚባለው የወጣቶች ጣቢያ ከገበያው ድርሻ ፈለገና መደርደሪያ ላይ የነበረውን የስሚዝን ታሪክ አወረደ። ሥራው የተሰጠው «ስክሪም» የተባለውን አስፈሪ ፊልምና «ዳውሰንስ ክሪክ» የተባለውን የጎረምሶች ድራማ ለጻፈው ኬቨን ዊልያምሰን ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ላይ አንገራገረ፤ «ትዋይላይት»ን የሚደግም መስሎታል። ጓደኛው ጁሊ ፕሌክ መጽሐፉን ግፋበት፣ ውስጡ ሌላ ነገር አለ ብላ አሳመነችው። የሚገርመው «ትዋይላይት» ተብሎ የተሸጠው መጽሐፍ የወጣው በ2005 ነው። የስሚዝ በ14 ዓመት ይቀድመዋል። ታላቁ ታናሹን ቀዳ ተብሎ ሲታማ ኖረ።

ዊልያምሰንና ፕሌክ ብዙ ቀየሩ። የኤሌና ጠጉር ጠቆረ። ወንድማማቾቹ ጣሊያን መወለዳቸው ቀርቶ በ1864፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሐል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቫምፓየር የሆኑ የዚያው አገር ልጆች ሆኑ። ከተማዋ ሚስቲክ ፎልስ ተባለች። የሙከራውን ክፍል ካናዳ፣ ቫንኩቨር ቀረጹ። ተከታታዩ ሲጸድቅ ግን ወደ ጆርጂያ ግዛት ዞሩ፤ ጆርጂያ በ2008 ፊልም ለሚሠሩ ሰዎች እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የግብር ቅናሽ አውጃ ነበርና። ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ ያለችው ኮቪንግተን፣ አደባባይዋ፣ ባለ ሰዓቱ ግንብዋና ነጭ ዓምድ ያላቸው አሮጌ ቤቶቿ ሚስቲክ ፎልስን ሆነው ስምንት ዓመት አገለገሉ። ግንቡን አትርሱት።

ኤሌና የሆነችው ኒና ዶብሬቭ ቡልጋሪያ ተወልዳ ካናዳ ያደገች፣ ያኔ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። ስቴፋንን ፖል ዌስሊ፣ ዴመንን ደግሞ ከ«ሎስት» የምናውቀው ኢያን ሶመርሃልደር ተጫወቱ። የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው መስከረም 10 ቀን 2009 ነበር። በእኛ ቀን ብንቆጥረው ጳጉሜ 5፣ የ2002 ዋዜማ መሆኑ ነው። እኛ ዶሮ ስንገነጥል አሜሪካ ውስጥ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ለዚያ ትንሽ ጣቢያ የማይታመን ቁጥር ነው።

እውነቱን ለመናገር ያ የመጀመሪያ ክፍል ደካማ ነው። ጉሙ በዛ፣ ቁራው በዛ። ኤሌና መቃብር ቦታ ተቀምጣ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ ደብተሩ የርዕሱ ምክንያት ነው፤ ቁራ ይመጣል፣ ጉም ይነሣል፣ ትሮጣለች። ሃያሲዎች ቅጂ ነው ብለው ሳቁ። አንድ ነገር ግን ቀረ፤ ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ዴመን ከየት መጣ ሳይባል ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ወንድሙን ሰላም አለው። ያቺ ሰላምታ ውስጥ የ145 ዓመት ቂም ነበረባት። የዚህ ድራማ እውነተኛ የፍቅር ታሪክ የሁለቱ ወንድማማቾች እንደሆነ ከዚያ ያወቀ ሰው ብልህ ነው። እኔ አላወቅኩም።

እኔ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ካለች ሲዲ ቤት። ያኔ አንድ ሲዝን ሙሉ በፍላሽ ይጫንልህ ነበር። በዚህ ድራማ ፍቅር የወደቀው የሰፈር ወጣት ብዛት ለጉድ ነበር። የቫምፓየር ሕጎችን በቃላችን ያዝን፤ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል፣ ቬርቤና የተባለ ዕፅ ያቃጥላቸዋል፣ ልባቸው ላይ የሾለ እንጨት ከተተከለ ያበቃላቸዋል፣ ባለቤቱ «ግባ» ካላላቸው ደግሞ ደጃፍ አይሻገሩም። በዚህ በመጨረሻው እናቴ ሳቀችብን። በእኛ ሰፈር ይህ ሕግ ከአቦል አያልፍም። ቫምፓየሩ ገና በር ላይ ሲታይ «ኧረ ግባ፣ ቡና ደርሷል» ተብሎ ገብቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ደም የመጠጣት ሐሳቡንም ይረሳው ነበር።

ድራማው ራሱን ያገኘው ስድስተኛውና ሰባተኛው ክፍል ላይ ነው። ቪኪ የምትባል ልጅ አለች። የኤሌና ጓደኛ የማት እህት፣ ምግብ ቤት የምታስተናግድ፣ ዕፅ የምትወስድ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት። ገና በመጀመሪያው ክፍል ጫካ ውስጥ የተነከሰችው እሷ ነበረች። ስድስተኛው ክፍል ላይ ዴመን ከቤት መውጣት አቅቶት ሰልችቶታል፤ ልጅቱን ያገኛታል፤ ሙዚቃ ከፍቶ አብረው ይጨፍራሉ፣ ትሥቃለች፣ ያዞራታል። ከዚያ በጭፈራው መሐል አንገቷን ቀጭ አደረጋት። የሠራው ነገር ሁሉ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው። ነቅታ ስትነሣ ቫምፓየር ሆናለች። በሚቀጥለው ሳምንት፣ የሃሎዊን ምሽት፣ የኤሌና ታናሽ ወንድም ጄረሚ ትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ የቆሙት አውቶቡሶች አጠገብ ያገኛታል። ይዋደዳሉ። ስትስመው ከንፈሩ ይደማል፤ ደም ሲሸታት ራሷን አታውቅም። ኤሌና ልታድነው ስትሮጥ ቪኪ እሷንም ነከሰች። ስቴፋን ከኋላ መጥቶ እንጨቱን ደረቷ ላይ ተከለው። ልጅቱ ግራጫ ሆነች፤ ወደቀች።

ሌላ ድራማ ቢሆን ቪኪን መግራት፣ ማስታመም፣ ማዳን አንድ ሲዝን ሙሉ ይወስድ ነበር። እዚህ ግን በአንድ ሳምንት ሠርተው በአንድ ሳምንት ቀበሯት። ቀበሯት ስል እንኳ በወጉ አይደለም፤ ወንድሟ ከተማ ለቃ የሄደች መስሎት ብዙ ቆየ፤ በኋላ ነው የኤሌና ጓደኛ ካሮላይን ጫካ ውስጥ ተደናቅፋ ስትወድቅ አስከሬኗን ያገኘችው። የማት ፊት ያኔ! በዚህ ድራማ ላይ እምነቴን የጣልኩት እዚያ ነው። ሞት እዚህ ቤት ሒሳብ አለው፤ የሞተ አይመለስም፤ የገደለም ዕዳውን ይዞ ይዞራል። ዴመንን መውደድ የሚያስፈራውም ለዚያ ነበር፤ የምትወደው ሰው ቪኪን በጭፈራ መሐል የገደለ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊዎቹ ታሪክ አባካኝ ሆኑ። ሰው ለዓመት የሚያስቀምጠውን ምስጢር በየሳምንቱ ያወጡታል፤ ነገ ምን እንበላለን አይሉም። ግንቦት 2010 የመጀመሪያው ሲዝን ሲያልቅ ዴመን በረንዳ ላይ ኤሌናን ሳማት። ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ግን ኤሌና አይደለችም፤ ቢላዋ አንሥታ የአንድ ሰው ጣቶች ትቆርጣለች። ካትሪን ናት፤ ቁርጥ ኤሌናን የምትመስለው የ1864ቷ ሴት። አንዲት ተዋናይ ሁለት ሰው መጫወት ጀመረች። ዶብሬቭ ጠጉሯን ስታጥፈው ወይም ስትዘረጋው ብቻ ሳይሆን በር ስትከፍት በአካሄዷ ብቻ ማንኛዋ እንደሆነች ታውቃለህ። ሁለተኛው ሲዝን በእኔ ሚዛን የድራማው ጫፍ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቫምፓየሮች አንዱ፣ ጆሴፍ ሞርጋን የተጫወተው ክላውስ፣ እስኪገለጥ ድረስ ብዙ ክፍል ስሙ ብቻ ያስፈራል። ሲመጣም አላሳፈረም። የኤሌና አሳዳጊ የሆነችው አክስቷ ጄና፣ ተንኮል የማታውቅ፣ ሁሌ መጨረሻ የምትሰማ ሴት፣ ክላውስ ለመሥዋዕቱ አንድ ቫምፓየር ስላስፈለገው ብቻ ቫምፓየር ተደረገችና በእሳት ክበብ ውስጥ፣ ኤሌና እያየቻት ሞተች። ግንቦት 2011 ነበር። ባየነው ማግስት እኅቴ አኮረፈችኝ፤ አስቀድሜ አይቼ ያልነገርኳት ይመስል።

በዚያው ሰሞን ዊልያምሰን ከዕለት ተዕለቱ ሥራ ራቅ አለ፤ ሌሎች ፕሮጀክቶች ጀመረ፣ በ2013 «ዘ ፎሎዊንግ» የተባለውን ይዞ ወደ ፎክስ ገባ። ስሚዝም በ2011 ከራሷ መጽሐፍ ተባረረች። ድራማው ገና ሳይጀመር አዳዲስ ቅጾችን እንድትጽፍ ተመልሳ ተጠርታ ነበር። ከድርጅቱ ጋር ሳይግባቡ ሲቀሩ ውሏ ተቋረጠ፤ ተከታዮቹን ስሙ ያልተገለጸ ሌላ ጸሐፊ ጻፋቸው፤ ሽፋኑ ላይ የእሷ ስም እንደ ፈጣሪነቷ ብቻ ቀረ። ልብስ ሰፊው ሱሪውን አስረክቧል፤ ሱሪው የማን እንደሆነ አሁን ታወቀ።

ሦስተኛው ሲዝን የክላውስን ቤተሰብ ይዞ መጣ። ወጣ ገባ ይላል፤ ግብዣና ዳንስ በዛበት፣ የመጀመሪያዎቹ ቫምፓየሮች ቁጥር በዛ። መጨረሻው ግን ይህ ድራማ ካለው ሁሉ የላቀ ነው። የእኔን ፍላሽ የጫነው ልጅ 22ኛውን ክፍል ረስቶት ነበርና ሳምንት ሙሉ ያለ መጨረሻ ተቀመጥኩ። ስመለስ «ወንድሜ፣ 21 ነው ያለው፣ አለቀ» ብሎ ተከራከረኝ። በመጨረሻ የካፌ ኢንተርኔት ላይ እየቆመ እየሄደ አየሁት።

ታሪኩ ሲጀመር የኤሌና ወላጆች ከዊከሪ ድልድይ ላይ መኪናቸው ወንዝ ገብቶ ሞተዋል፤ እሷን ያዳናት ስቴፋን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ድልድይ እየሰማን ኖርን። አሁን በግንቦት 2012 ማት መኪና ይነዳል፣ ኤሌና አጠገቡ ናት፤ ድልድዩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሲያይ መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናው ወንዝ ገባ። ስቴፋን በውኃ ውስጥ ደርሶ በሩን ይገነጥላል። ኤሌና ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ በእጇ ማትን አሳየችው። መጀመሪያ እሱን። ስቴፋን ዓይኗን አየ። መውሰድ ይችላል፤ ቫምፓየር ነው፣ ከሰው ይበረታል፤ ግን ፈቃዷን አከበረ፤ ማትን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ጊዜው አልፏል። አስከሬኗ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቀደም ሲል ታምማ በቫምፓየር ደም ተፈውሳ ስለነበር ዓይኗ ተገለጠ። ዴመን ቢሆን ማትን ጥሎ እሷን ያወጣ ነበር፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ሁለቱን ወንድማማቾች የሚለያቸው ነገር ሁሉ አንዲት ቃል ሳትነገር ውኃ ውስጥ ተነገረ። ይህን የጻፉ ሰዎች ያኔ ቢያቆሙ ኖሮ!

አላቆሙም። የአሜሪካ ጣቢያ ያኔ በዓመት 22 ክፍል ይፈልግ ነበር፤ ለአራተኛው ሲዝን ደግሞ 23 ነው የፈለገው። ኤሌና ቫምፓየር ሆነች፤ ያኔ ሁለት ነገር ጠፋ። አንደኛው፣ ልትሞት የምትችል ሰው መሐላቸው መኖሯ ነበር የወንድማማቾቹን ፍቅር ውድ ያደረገው፤ አሁን እሷም ለዘላለም ኗሪ ሆነች። ሁለተኛው የባሰ ነው። ከዴመን ጋር የምትሆንበትን ነገር ሲያበጁት የሚገዛ ትስስር የሚባል ፈጠሩ። በዴመን ደም ስለተለወጠች እሱ ያዘዛትን ሁሉ ማድረግ ግድ ይላታል አሉ። ታዲያ ፍቅሯ ፍቅር ነው ወይስ ትእዛዝ? ሦስት ዓመት ይቺ ልጅ ማንን ትመርጣለች ብለን ስንጠብቅ ኖረን፣ ስትመርጥ አልመረጠችም ሆነ። ሰፈር ውስጥ ያን ሰሞን የስቴፋንም የዴመንም ወገኖች በአንድ ድምፅ ተሳደቡ፤ በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

በዚያው ደካማ ሲዝን መሐል፣ የካቲት 2013፣ አንድ ክፍል አለ። ጄረሚ ሞቷል። ኤሌና ጣቱ ላይ ቀለበት አለ፣ ይነሣል ትላለች፤ ጄረሚ ከሞት የሚመልስ ቀለበት ነበረውና። በዚህ ጊዜ ግን ቀለበቱ አይሠራም። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ታስታምመዋለች፤ ሰው ሲመጣ ተኝቷል ትላለች። ከዚያ ሽታው ይመጣል። ጠረኑ ተሰምቷት ፊቷ ሲቀየር ዶብሬቭ የሠራችውን ያየ አይረሳውም። ከዚያ ቤንዚን ታርከፈክፋለች፤ ከሕፃንነቷ ያደገችበትን ቤት፣ ወንድሟ ውስጡ እንዳለ፣ ልታቃጥለው ነው። ዴመን ስሜትሽን አጥፊው ይላታል፤ ቫምፓየሮች እንደ መብራት ማጥፊያ ሐዘናቸውን ማጥፋት ይችላሉ። አጠፋችው። ክብሪቱን ጣለችና ቤቱ ነደደ።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የሲዝኑ መጨረሻ ላይ፣ ጄረሚ ተነሣ። ጓደኛዋ ቦኒ በጥንቆላ መለሰችው። ቤቱ ተቃጥሏል፤ ልጁ ግን አለ፤ ያ ሁሉ ሐዘን ለማን ነበር? ቪኪ ላይ የጣልኩት እምነት እዚያ ነው የረከሰው። ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት አላለቅስም፤ ከስንት ክፍል በኋላ እንደሚመለስ እቆጥራለሁ። ሞት እንደ ቀጠሮ ሆነ።

ስለ ቦኒ ዝም ብዬ አላልፍም። ቦኒ ጥቁር ናት፣ ጠንቋይ ናት፣ ካት ግራሃም የምትጫወታት። የሞቱትን ስትመልስ የምትከፍለው እሷ ናት፤ ጄረሚን ስትመልስ ራሷ ሞተች። አያቷ፣ አባቷ ሞቱ፣ እናቷ ቫምፓየር ሆነች። በየሲዝኑ ነጮቹ ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው «ቦኒ፣ አንድ ነገር አድርጊልን» ይላሉ፤ አፍንጫዋ እየደማ ታደርጋለች። የራሷ ፍቅር ሲመጣ ደግሞ ጊዜ የለም። ይህን እኛ ያኔ በሰፈራችን ልብ አላልነውም ብል ይቀለኛል፤ አንዷ ጓደኛችን ግን ገና በሁለተኛው ሲዝን «ይቺን ልጅ ገረድ አደረጓት» ብላ ነበር፤ ሣቅንባት።

በ2013 ጥቅምት ክላውስ ቤተሰቡን ይዞ «ዘ ኦሪጂናልስ» ወደሚባለው አዲስ ተከታታይ ሄደ፤ ፕሌክም ጉልበቷን ለሁለት ከፈለች፤ ካሮላይን ድሪስ ከጎኗ ሆና የአሮጌውን ቤት ሥራ ተሸከመች። ምርጡ ክፉ ሰው ከቤት ወጣ፤ ቤቱ ቀረ። አምስተኛው ሲዝን ከዚያ የወጣ ነው። ሳይለስ የተባለ የ2 ሺህ ዓመት ጠንቋይ ስቴፋንን ይመስላል፤ አማራ የተባለች ጥንታዊት ሴት ኤሌናን ትመስላለች፤ ሌላ አምቡላንስ ላይ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ስቴፋንን ይመስላል። ሁለት ተዋናዮች ስድስት ሰው ሆኑ። ካትሪን ስትመጣ ያስደነገጠን መመሳሰል አሁን የሒሳብ ጥያቄ ሆነ። ዶብሬቭና ሶመርሃልደር በእውነተኛው ሕይወታቸው ከ2010 ጀምሮ አብረው ነበሩ፤ በ2013 ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ካሜራ ፊት የተቃቀፉትን ሁሉ ያን እያወቅን አየነው፤ ይህ ግን ለሐሜት ይቆይ።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው በ2014 መጨረሻ ነው። ስድስተኛው ሲዝን ላይ ቦኒና ዴመን ሞተው ሳይሞቱ አንድ ባዶ ከተማ ውስጥ ነቁ፤ ሚስቲክ ፎልስ ናት፤ ሰው ግን የለም። ቀኑ ግንቦት 10፣ 1994 ነው፤ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። በነጋታውም ግንቦት 10 ነው፤ በነጋታውም። ሁለቱ የማይዋደዱ ሰዎች እዚያ ለወራት ተቀመጡ። ዴመን በየማለዳው ፓንኬክ ይጋግራል፤ ላዩ ላይ በክሬም የቫምፓየር ጥርስ ይሥላል፤ ቦኒ ደግሞ የጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት ትሞላለች። ቀስ እያለ ወዳጅነት መጣ፤ ጥንቆላም፣ ጦርነትም፣ መሳምም የሌለበት። ከዚያ ድልድይ ወዲህ የጻፉት ምርጥ ነገር ነው። ከዚያ ካይ የተባለ ሌላ እስረኛ ተገለጠ፤ ክሪስ ዉድ የተጫወተው፣ ጥንቆላ የሌለው የጠንቋይ ቤተሰብ ልጅ፣ የራሱን ወንድሞችና እኅቶች የገደለ፣ እየቀለደ የሚገድል። ቤተሰቡ «ይህ ልጅ ጎዶሎ ነው» ሲለው ያደገ ልጅ ነው። ቂሙ ይገባሃል፤ መጥላቱም አይቀርልህም። ዴመን ወጥቶ ቦኒ ብቻዋን ስትቀር፣ የልደት ቀኗን ማንም በሌለበት ዓለም ውስጥ ስታሳልፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድራማው ስለ እሷ ነበር።

በዚያው ዓመት ስሚዝ የሠራችውን ልንገራችሁ። አማዞን በ2013 አድናቂዎች የሌላ ሰው ገጸ ባሕርያትን ተጠቅመው በፈቃድ የሚጽፉበትና የሚሸጡበት መድረክ ከፍቶ ነበር። በ2014 ኤል. ጄ. ስሚዝ፣ የስቴፋንና የዴመን እናት፣ እንደ ማንኛዋም አድናቂ ተሰልፋ የራሷን ታሪክ ቀጣይ እዚያ አሳተመች። ጸሐፊ የራሷ ልጅ አድናቂ ሆነች። ከድራማው ሁሉ ይልቅ ይህ ነው ያስለቀሰኝ ብል አላጋንንም።

ሚያዝያ 2015 ዶብሬቭ በስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ እንደምትሄድ ታወቀ። ጸሐፊዎቹ ዋና ገጸ ባሕርይን እንዴት ያሰናብቱ? ሊገድሏት አልደፈሩም፤ ሞት የረከሰ ቢሆንም ኤሌናን ግን አልደፈሩም። ካይ አስማት አደረገባት፤ ቦኒ በሕይወት እስካለች ኤሌና ትተኛለች፤ ቦኒ ስትሞት ትነቃለች። ሳጥን ውስጥ አስተኟት። ለፍቅር ድራማ ይህ የመጨረሻ ጭካኔ ነው፤ ፍቅረኛዋ ዴመን የቅርብ ጓደኛውን የቦኒን ሞት የሚጠብቅ ሰው ሆነ። ምርጥ ጥያቄ ነበር፤ ማንም አልተከታተለውም።

ሰባተኛውን ሲዝን ባጭሩ ልለፈው፤ እኔም ስመለከተው ባጭሩ ነው ያለፍኩት፣ ፈጣን ማስኬጃውን ይዤ። ጠንቋይም ቫምፓየርም የሆኑ ሰዎች መጡ፤ ነፍስ የሚይዝ ድንጋይ መጣ፤ ታሪኩ በየክፍሉ ሦስት ዓመት ወደፊት እየዘለለ ይመለሳል። ካሮላይንን የምትጫወተው ካንዲስ ኪንግ ነፍሰ ጡር ሆነች። ቫምፓየር ደግሞ አይወልድም። ያገኙት መፍትሔ የሟች ሴት መንታ ጽንሶች በጥንቆላ ወደ ካሮላይን ማኅፀን ተሻገሩ የሚል ነበር። አንድ ጥሩ ኮት መልበስ አይበቃም ነበር? ጣቢያውም ድራማውን ከሐሙስ ወደ ዓርብ ምሽት ወሰደው፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዓርብ ምሽት የሚወስደው ብዙ ጊዜ ሊቀብረው ያሰበውን ነው።

በ2016 ክረምት ስምንተኛው የመጨረሻው ነው ተባለ፤ 16 ክፍል ብቻ። ሳይረን የሚባሉ በዘፈን የሚያታልሉ ሴቶችና ራሱ ዲያብሎስ መጡ። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም። መጨረሻውን ለመጻፍ ግን ዊልያምሰን ተመለሰ፤ ከፕሌክ ጋር ተቀምጦ ጻፈው፤ ፕሌክ አዘጋጀችው፤ ዶብሬቭም መጣች። መጋቢት 10 ቀን 2017 ተላለፈ፤ በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2009። ድራማው በ2009 ተጀምሮ በ2009 አለቀ፤ ይህን ሒሳብ የሚረዳው ሐበሻ ብቻ ነው። ተመልካቹ ከ1 ሚሊዮን ብዙም አልራቀም፤ የመጀመሪያው ቀን ካየው አንድ አምስተኛ ገደማ።

በዚያ መጨረሻ ከተማዋን የሲኦል እሳት ሊያጠፋት ነው፤ እሳቱን የሚጠራው ደወል ነው፤ ደወሉ ባለ ሰዓቱ ግንብ ላይ ነው። ማት ወጥቶ የሚደውለውን ሲያይ እኅቱ ናት፤ ቪኪ። ሙታን እንደ ልባቸው የሚመላለሱበት ቤት የመጀመሪያዋን ሟች ደወል ደዋይ አድርጎ መለሳት። ዊልያምሰን ይህን ሆን ብሎ ይሁን እንጃ፤ እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ። ስቴፋን ሰው ሆኖ መኖር ይችል ነበር፤ ዴመን ሊሞት ሲል ራሱን ተካ፤ የሰው ደሙን ለወንድሙ ሰጥቶ እሱ እሳቱ ውስጥ ገባ። አልተመለሰም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው በእውነት ሞተ። ኤሌና ከአስማቱ ነቅታ ከዴመን ጋር ሰው ሆነው አርጅተው ከሞቱ በኋላ፣ ዴመን የድሮ ቤታቸው በር ላይ ይደርሳል፤ ስቴፋን ቆሟል፤ በመጀመሪያው ክፍል የሰማናትን ያቺን ሰላምታ ይሰጠዋል።

«ዘ ኦሪጂናልስ» በ2018 አለቀ። የካሮላይን መንትዮች የተማሩበት ትምህርት ቤት ታሪክ «ሌጋሲስ» ተብሎ እስከ ሰኔ 2022 ቀጠለና ተዘጋ። ኮቪንግተን አሁንም አድናቂዎች ፎቶ ለመነሣት ይመጡባታል። ኤል. ጄ. ስሚዝ መጋቢት 2025 አረፈች።

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ ሶፋ ላይ ተኝታ በስልኳ የመጀመሪያውን ሲዝን ታይ ነበር፤ እኔ ነኝ እይው ያልኳት። አውቶቡሶቹ ጋ ደርሳለች። ቪኪ ስትወድቅ ስልኩን አቆመችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ትመለሳለች አይደል?»

አዎ ብላት ታሪኩን አበላሽባታለሁ፤ አይ ብላት ዋሸኋት። ቡናው ሊገነፍል ነው ብዬ ተነሣሁ።